መድኃኒቱን የደበቀስ? ሕመም የሚያስታግሡ ዕፅዋት ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን የደበቀስ? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው በካምፓችን ሕመም ያልገባበት ቤት የለም። ጥርስ፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ቁርጥማት፣ የምጥ ሕመም፣ ከጦርነት የተረፈ የቆየ ቁስል፣ ሌላም ሌላም። አንዱ ክሊኒክ ተሰልፎ ኪኒን ይቀበላል፤ ሌላው በብሎኩ ካሉ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ቅጠል ያስጨምቃል። ብዙው ሰው ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ለአንደኛው ስለ ሌላው አይናገርም እንጂ! ተማሪዎቻችንም በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ እንሰማለን። ገሚሱ «የቅጠል ነገር ኋላ ቀርነት ነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «የፈረንጅ ኪኒን ምን ያደርጋል፣ የእናቶቻችን ይሻላል» ይላል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። አብዛኞቻችን የጀመርነውን ዩኒቨርሲቲ በስደት ምክንያት ያቋረጥን መምህራን ነን። ስለዚህ ይህን ውሰዱ፣ ያንን ተዉ ለማለት አንችልም። የምንችለው ታሪኩን መንገር ነው። ታሪኩ ደግሞ ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ስመ ጥር ከሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች መካከል ዋና ዋናዎቹ መነሻቸው የዛፍ ልጣጭና የአበባ ወተት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወንዝ ዳር የበቀለው አኻያ

አኻያን የማያውቅ የሀገር ቤት ሰው ጥቂት ነው። በኦሮምኛ አላልቱ ይሉታል። ውሃ የሚወድ፣ ወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። በአማርኛው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ የባቢሎን ስደተኞች መሰንቆአቸውን የሰቀሉት በአኻያ ዛፍ ላይ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የዚህ ዛፍ ዘመዶች በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ በብዛት ይገኛሉ፤ ሕዝቦችም ከጥንት ጀምሮ ለሕመምና ለትኩሳት ሲገለገሉባቸው ኖረዋል። ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ በፓፒረስ ላይ የተጻፈውና ዛሬ ኤበርስ ፓፒረስ ተብሎ የሚታወቀው የመድኃኒት መጽሐፍ አኻያን ይጠቅሳል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስም የአኻያን ቅጠልና ልጣጭ ቀቅሎ ለሪህ ማሸትን ጽፏል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አኻያ እንደሚረዳ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ስንት ልጣጭ? በስንት ሰዓት ልዩነት? ለማን? ለማንስ አይሆንም? የሚሉትን ጥያቄዎች በሥርዓት መርምሮ ያስቀመጠ ሰው ለረጅም ዘመን አልተገኘም።

ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ሐኪም አልነበረም። ኤድዋርድ ስቶን ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ አውራጃ፣ ቺፒንግ ኖርተን በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ የሚኖር ቄስ ነው። በ1750ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን የአኻያ ልጣጭ ይቀምሳል። ልጣጩ እጅግ መረረው። ምሬቱ በዚያ ዘመን ለንዳድ ይሰጥ የነበረውን፣ ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የሚመጣውንና ዋጋው የማይቀመሰውን የሲንኮና ልጣጭ አስታወሰው። ከዚህም በላይ አኻያ የሚበቅለው ረግረግ ቦታ ነው፤ ንዳድም የሚበዛው ረግረግ ቦታ ነው። በጊዜው «በሽታው ባለበት መድኃኒቱም አይጠፋም» የሚል እምነት ስለነበረ፣ ስቶን ነገሩን ለመሞከር ቆረጠ።

ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለውን እንተወውና አሠራሩን እንመልከት። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚሆን ልጣጭ ሰብስቦ በከረጢት አድርጎ በዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ላይ ከሦስት ወር በላይ አደረቀው። ከዚያም ወቅጦ ዱቄት አደረገው። ለታማሚዎች ሲሰጥ በ20 ግሬን፣ ማለትም በ1.3 ግራም ገደማ፣ በየአራት ሰዓቱ ጀመረ። ጉዳት አለማድረሱን እያየ መጠኑን ቀስ በቀስ ጨመረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 50 ለሚጠጉ ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን ተከታተለ። በ1763 ደግሞ ያየውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፎ ለለንደኑ የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ላከ። ማኅበሩም በመጽሔቱ አሳተመው። አሳታሚዎቹ ስሙን ተሳስተው ኤድዋርድ በማለት ፈንታ ኤድመንድ ብለው አትመውታል፤ ቢሆንም ሥራው አልጠፋም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ስቶን የተሳካለትን ብቻ አልጻፈም። በአንዳንድ በቆየባቸው፣ በየአራተኛው ቀን በሚነሣ ንዳድ በተያዙ ሰዎች ላይ ልጣጩ ብቻውን እንዳልሠራ፣ የሲንኮናውን ልጣጭ አንድ አምስተኛ ሲጨምርበት ግን እንደለቀቃቸው በግልጽ አስፍሯል። እርሱ ምክንያቱን አያውቅም ነበር፤ እኛ ዛሬ እናውቃለን። አኻያ ትኩሳትንና ሕመምን ያበርዳል እንጂ የወባን ጥገኛ ተሐዋሲ አይገድልም። ሲንኮና ግን ይገድላል፤ በውስጡ ያለው ኪኒን በ1820 በፈረንሳይ ተነጥሎ ወጥቷል። በነገራችን ላይ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም በመነሣት ነው።

ወባ ባለበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትኩሳቱ በቅጠልም ይሁን በማስታገሻ ኪኒን ሲበርድ ሕፃኑ የዳነ ይመስላል። ሕመሙ ተኛ እንጂ በሽታው አልሞተም።

ከልጣጭ ወደ ኪኒን

ከስቶን በኋላ ሥራው ወደ ኬሚስቶች እጅ ገባ። በ1828 በጀርመን አገር ሙኒክ ከተማ ዮሐን ቡክነር ከአኻያ ልጣጭ ቢጫና መራራ ንጥረ ነገር አወጣ። ስሙንም አኻያ በላቲን ከሚጠራበት ቃል ወስዶ ሳሊሲን አለው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሄንሪ ለሩ ከአንድ ኪሎ ተኩል ልጣጭ 30 ግራም ገደማ ንጹሕ ሳሊሲን አገኘ። ልብ በሉ፤ ከ50 እጅ አንዱ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ቀሪው እንጨት ነው። በ1838 ጣሊያናዊው ራፋኤሌ ፒሪያ ከሳሊሲን ተነሥቶ ሳሊሲሊክ አሲድ የተባለውን ሠራ። በ1859 ደግሞ ጀርመናዊው ሄርማን ኮልበ ይህንኑ አሲድ ያለ ዛፍ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ማምረት የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው ሕመም አንድ ዛፍ መላጥ ቀረ።

በ1876 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ማክላገን ሳሊሲንን በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ለሚሠቃዩ ሰዎች ሰጥቶ ትኩሳቱም እብጠቱም መቀነሱን ጽፎ አሳተመ። ችግሩ ግን ሳሊሲሊክ አሲድ ጨጓራን ይልጣል፤ ጣዕሙም አይቻልም። በዚህ ምክንያት ታማሚው ከሕመሙና ከመድኃኒቱ የቱ እንደሚሻለው ግራ ይገባው ነበር። በ1853 ፈረንሳዊው ሻርል ዠራር አሲዱን ወደ ሌላ ቅርጽ ለውጦት ነበር፤ ያገኘው ግን ንጹሕ አልነበረም። ነሐሴ 10 ቀን 1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ንጹሕና የማይበላሽ አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድ ተሠራ። በ1899 አስፕሪን ተብሎ ለገበያ ወጣ። «አ» ከአሴቲል የመጣች ናት፤ «ስፒር» ደግሞ እንደ አኻያ ሁሉ የዚህ አሲድ ምንጭ ከሆነው ስፒሪያ ከተባለ ተክል ስም ነው። እንግዲህ በኪኒኑ ስም ውስጥ ሳይቀር ቅጠል ተደብቋል ማለት ነው።

ስሙ የተፋቀ ሰው

አስፕሪንን ማን ሠራው? ብላችሁ ብትጠይቁ የብዙ መጻሕፍት መልስ ፌሊክስ ሆፍማን ነው። በእርግጥም የላቦራቶሪው ደብተር የእርሱ ነው። ነገር ግን በዚያው ኩባንያ ውስጥ አርቱር አይኸንግሩን የሚባል ሌላ ኬሚስት ነበር። አይኸንግሩን አይሁዳዊ ነው። በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ያዙ፤ በ1934 በታተመ አንድ የኬሚስትሪ ታሪክ ላይ የአስፕሪን ክብር ለሆፍማን ብቻ ተሰጠ። በሙኒክ በሚገኘው ትልቅ ሙዚየምም አስፕሪን ሲታይ የአይኸንግሩን ስም አልነበረም። አይሁዶች ደግሞ በዚያን ጊዜ ሙዚየሙ በር አይደርሱም።

በ1944 አይኸንግሩን በሰባ ስድስት ዓመቱ ተይዞ ቴሬዝየንሽታት ወደሚባለው የእሥረኞች ካምፕ ተወሰደ። ከዚያ ሆኖ ሥራውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈ። በ1945 ነጻ ወጣ። በ1949 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ ሆፍማን የሠራው በእርሱ መመሪያ እንደነበረ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመና በዚያው ወር አረፈ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዋልተር ስኒደር የሚባል የመድኃኒት ታሪክ ተመራማሪ ደብተሮቹን መርምሮ የሽማግሌው ቃል እውነት ነው የሚል ጽሑፍ በ2000 አወጣ። ኩባንያው ግን ይህን አልተቀበለም።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ወደ ክርክሩ ለመግባት አይደለም። ለእኛ የሚነግረን ስላለ ነው። ሰው ከሀገሩ ከወጣ፣ ወረቀቱ ከጠፋ፣ ወይም ገዢው ስሙን ካልወደደው፣ የሠራው ሥራ የሌላ ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ የሚመሰክርለት በቀኑ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚያስታግሠው?

ሕመም በራሱ ጠላት አይደለም፤ መልእክተኛ ነው። እሳት ላይ የተቀመጠ እጅ ባያመን ኖሮ እጅ አይኖረንም ነበር። ሰውነታችን ሲቆስል ወይም ሲመረዝ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ቦታው እንዲቀላና እንዲያብጥ፣ ነርቮቹ በትንሽ ንክኪ እንዲጮኹ፣ ሰውነትም እንዲያተኩስ ያደርጋሉ። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን እነዚህን የሚያመርተውን «ፋብሪካ» እንደሚዘጋ አሳየ። በ1982 ከሁለት የስዊድን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እንግዲህ ከግብፁ ፓፒረስ እስከዚህ ድረስ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሰዎች ለምን እንደሚሠራ ሳያውቁ ሲጠቀሙበት ኖረዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ፋብሪካ ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚከላከለውን፣ ደምም እንዲረጋ የሚረዳውን ጭምር ነው የሚያመርተው። በመሆኑም አስፕሪን የጨጓራ መድማት ሊያመጣ ይችላል፤ በቫይረስ ትኩሳት ለተያዙ ልጆችም ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። የአኻያ ልጣጭም «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ከዚህ ነጻ አይወጣም። በሆዳችን ገብቶ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚለወጥ ነው፤ በዚያ ላይ የአንዱ ዛፍ ልጣጭ ከሌላው፣ የበጋው ከክረምቱ ጉልበቱ ይለያያል። ምን ያህል እንደጠጣህ አታውቅም።

የፖፒ ወተት

የመጠን ነገር ከተነሣ ከኦፒየም የበለጠ አስተማሪ የለም። ፖፒ የሚባለው አበባ ፍሬው ገና ሳይደርቅ ሲጫር ነጭ ወተት ያወጣል፤ ወተቱ ሲደርቅ ኦፒየም ይሆናል። ይህም ለሺህ ዓመታት በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በእስያና በአውሮፓ ለከባድ ሕመም ይሰጥ ነበር። ነገር ግን የአንድ እርሻ ኦፒየም ደካማ፣ የሌላው ብርቱ ነው። ሐኪሙ ትናንት ያስታገሠበትን ያህል ዛሬ ሲሰጥ ታማሚው ላይነቃ ይችላል።

በ1804 ገደማ በጀርመን ፓደርቦርን ከተማ ፍሪድሪኽ ሰርቱርነር የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት ይህን ለመፍታት ተነሣ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ዕቃውም ተራ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነበር። ከኦፒየም ውስጥ እንቅልፍና ዕረፍት የሚሰጠውን ነጭ ዱቄት ለይቶ አወጣ። በግሪክ ተረት የሕልም አምላክ ከሆነው ሞርፊየስ ስም ተነሥቶም ሞርፊየም አለው፤ ዛሬ ሞርፊን የምንለው ነው። የመጀመሪያ ጽሑፎቹን ከቁም ነገር የቆጠራቸው ብዙ ሰው አልነበረም። በኋላ በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሞከረው፤ በሦስት ጊዜ የወሰዱት መጠን ስለበዛ ራሳቸውን እስከ መሳት ደረሱ፤ ኮምጣጤ ጠጥተው በማስመለስ ነው የተረፉት። ማንም እንዲደግመው አንመክርም! በ1817 ያሳተመው ጽሑፍ ግን ዓለምን ለወጠ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሐኪም የሚሰጠውን በሚዛን ማወቅ ቻለ። ከ1827 ጀምሮም መርክ የተባለው መድኃኒት ቤት ለገበያ ያመርተው ጀመር።

ሞርፊን የሚሠራው ከአስፕሪን በተለየ መንገድ ነው። መልእክቱን ከሚጽፉት ጋር ሳይሆን መልእክቱን ከሚያስተላልፉትና ከሚቀበሉት ነርቮች ጋር ነው ጉዳዩ። በ1973 ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ሞርፊን እንደ ቁልፍ የሚገባበትን ቀዳዳ አገኙ። በ1975 ደግሞ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነታችን ራሱ የዚያ ቀዳዳ ቁልፍ እንደሚሠራ አረጋገጡ። ኮስተርሊትዝ በ1934 ናዚዎችን ሸሽቶ ከበርሊን ወደ ስኮትላንድ የተሰደደ ሰው መሆኑን ስንጽፍላችሁ ደስ ይለናል።

ሞርፊን ግን ሱስም አለው፤ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። አስፕሪንን ያወጣው ኩባንያ በ1898 ከሞርፊን የተሠራውን ሄሮይን የሳል መድኃኒት ብሎ መሸጥ መጀመሩ የሚታወስ ነው። ከሱሱ ፍርሃት የተነሣ አገሮች ጥብቅ ሕግ አወጡ፤ ሕጉም ብዙ ጊዜ የጎዳው ድሃውን ታማሚ ነው። በ2017 ይፋ በሆነ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት መሠረት፣ በዓለም በዓመት ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ኡጋንዳ ግን ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ1993 ዶክተር አን ሜሪማን በካምፓላ የመሠረቱት ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የሞርፊን ዱቄትን በውሃ በመበጥበጥ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ መድኃኒት ማዘጋጀት ጀመረ። ሐኪም በጥቂቱ ብቻ በሚገኝበት ገጠር ታማሚው ማንን ይጠብቅ? በ2004 ኡጋንዳ ሕጓን አሻሽላ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። እውቀቱ ሲከፈትና መጠኑ ሲለካ የካንሰር ታማሚ በጎጆው ውስጥ ሳይጮኽ ሊያድር ቻለ።

በኪሳችን ያለው ቅርንፉድ

ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን ጓዳ እንምጣ። ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ ይነክሳል። ይህ ባዶ ወግ አይደለም፤ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ነርቭን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር አለ፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል።

ይህ ቅመም የመጣው ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ዛንዚባር ገብቶ በሱልጣን ሰይድ ሰኢድ ዘመን ዛንዚባርና ፔምባ በዓለም ዋነኛ የቅርንፉድ አምራች ሆኑ። ለቀማውን የሚሠሩት ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ መሬት በግዳጅ የተጋዙ ባሮች ነበሩ። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873፣ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1897 ነው። የአንዱን ሕመም ለማስታገሥ ሌላው ሲታመም ኖረ። የመድኃኒት ታሪክ ይህም ገጽ እንዳለው ተማሪዎቻችን ማወቅ አለባቸው።

ሆኖም ቅርንፉዱ ጥርሱን ያደነዝዛል እንጂ የበሰበሰውን አይጠግንም። ዘይቱ ደግሞ ለሕፃን ጥቂቱም ቢሆን መርዝ ነው።

የእኛስ?

በሀገራችን ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት፣ ዳማከሴ ለምች ሲሰጥ ያላየ የለም። በግዕዝና በአማርኛ በብራና የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትም አሉን። ነገር ግን አብዛኛው እውቀት በቃል ነው ያለው፤ ያውም በአንድ ሰው ቃል። ብዙ አዋቂዎች «መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል» ብለው ከበኩር ልጅ በስተቀር ለማንም አይናገሩም። በስደት ደግሞ የበኩር ልጁ የት አለ? አንዱ አውስትራሊያ፣ አንዱ ካርቱም፣ አንዱ በረሃ ላይ ቀርቷል። አዋቂው ሲያርፉ እውቀቱም አብሮ ይቀበራል። በዚህ ካምፕ ይህ ሲሆን አይተናል።

መደበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንዳንዱ እንጀራው ነው። ሌላው ደግሞ መነጠቅን ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ውሃ ሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም አሳዩ። በ1990ዎቹ ግን እንዶድን በአሜሪካ ሐይቆች ባለ ዛጎል ተሐዋሲ ላይ የመጠቀም የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ታዲያ መፍትሔው ዝም ማለት ነው? እኛ አይመስለንም። ያልተጻፈ ነገር ባለቤት የለውም። በቀን፣ በቦታና በስም የተጻፈ ግን ምስክር አለው። የአይኸንግሩን ታሪክ ያስተማረን ይህንን ነው።

ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የሚባል ቻይናዊ አንድ የአርጢ ወገን ለንዳድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጻፈ፤ ቀቅሉት አላለም፣ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጨምቁት እንጂ። ከ1,600 ዓመት በኋላ ቱ ዮዮ የተባለች ተመራማሪ ይህን አንብባ ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም መድኃኒቱን የሚያጠፋው አለች። በዝቅተኛ ሙቀት አውጥታ በ1972 አርቴሚሲኒንን አገኘች፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ዛሬ በክሊኒካችን የሚሰጠው የወባ መድኃኒት ከዚሁ የመጣ ነው። ያ ሰው «ቅጠሉ ለንዳድ ይጠቅማል» ብቻ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ምን ይጠቅመን ነበር?

በመሆኑም ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ሰጥተናል። እያንዳንዳችሁ አንድ ደብተር ያዙ። በብሎካችሁ ወዳሉ እማማና አባባ ሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ እሺ ካሉ ጻፉ፣ እምቢ ካሉም አመስግናችሁ ተመለሱ። የተክሉን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊ የሚታወቀውን ያህል ጻፉ። የቱ ክፍሉ እንደሆነ፣ ሥሩ ነው ልጣጩ ነው ቅጠሉ? መቼ ይለቀማል? ይቀቀላል፣ ይወቀጣል ወይስ ይዘፈዘፋል? ስንት ማንኪያ፣ ስንት ጊዜ? ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይሰጣል? የረዳው ማንን ነው? ያልረዳውስ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሱ፤ ቄስ ስቶን ያስተማረን እርሷን ነው። በየግቢያችን ጥላ የሚሆነን ኒም በስዋሂሊ ሙዋሮባይኒ ይባላል፤ አርባ በሽታ ያድናል ለማለት ነው። ደብተራችሁ ግን አርባውን በአንዴ አይቀበልም፤ አንድ በአንድ ነው የሚጽፈው። በመጨረሻም የነገሯችሁን ሰው ስም፣ ከፈቀዱ፣ ከነቀኑ አስፍሩ።

ሥራችሁ መመዝገብ ነው እንጂ መቅመስ አይደለም፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለወላጆች ደግሞ የምንለው ትንሽ ነው። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሕመሙ ቢታገሥለትም ክሊኒክ አድርሱት። ክሊኒክ ስትሄዱም ቤት ውስጥ ምን እንዳጠጣችሁት ሳታፍሩ ለጤና ሠራተኛው ንገሩ፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ሆድ ውስጥ ሊጣሉ ይችላሉና። የጤና ሠራተኞቻችንም ይህን የሚነግራችሁን ሰው አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ሌላ ጊዜ አይነግራችሁም።

ደብተሮቹን እስከ ተርሙ መጨረሻ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንቀበላለን። እያንዳንዱን ሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን ለነገሯችሁ አዋቂ እንመልሳለን፤ እውቀቱ የእርሳቸው ነውና።